የወንዝ ግዝት ባሕር ይደርሳል ወይ?

አባባ፣ እንዴት ከረሙ? ከተለያየን ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። እኛ ደህና ነን፤ ከጭቃው በቀር የሚያማርረን ነገር የለም። እርስዎ ካሉበት ዝናብ ይኑር አይኑር እንጃ። ቢኖርማ ገና ሳያጉረመርም ያውቁት ነበር።

የምጽፍልዎ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው። ልጅ ሳለሁ ጥያቄ ሳበዛብዎ፣ ይቺ ልጅ ከሆዴ ሳትወጣ ነው ዳኛ የሆነችው ስትል እናታችን፣ እርስዎ ደግሞ ተያት ትጠይቅ ይሉ ነበር። ሃምሳ ዓመት አልፎኝም አልተውሁም። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ እርስዎ በወንዝ ላይ የጣሉብን ግዝት ባሕር ይደርሳል ወይ?

ሳቁ አይደል? ይታገሡኝ፣ ከመሠረቱ ልጀምርልዎ።

የልጅ ልጅዎ፣ ልጄ ማስተዋል፣ ያቺ በጀርባዎ አዝለው ያሳደጓት፣ በውሃ ምህንድስና ስትመረቅ አይተው ነው ያረፉት። ከዚያ ወዲህ ለሁለተኛ ዲግሪ ደቡብ አፍሪካ ሄደች። የምትኖረው ባሕር ዳር ነው። የጣናዋን ከተማ አይደለም የምልዎ፣ የእውነተኛውን ባሕር ዳር፣ ማዶ የሌለውን። እዚያ አገር ሰው ከማዕበል ጋር ይጫወታል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሰሌዳ አላቸው፤ በደረታቸው ይተኙበትና በእጃቸው እየቀዘፉ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ማዕበሉ ሲመጣ ብድግ ብለው ይቆሙና በላዩ እየተንሸራተቱ ወደ ዳር ይመለሳሉ። ተመልሰውስ ምን ያደርጋሉ ብላት፣ እንደገና ይሄዳሉ አለችኝ። ከብት አልጠፋባቸው፣ ማዶ ገበያ የላቸው፣ ዝም ብሎ መመላለስ! መጀመሪያ ጉድ ብዬ ነበር። አሁን ግን ምን እደብቅዎታለሁ፣ ስልኬን ከስፌት መኪናዬ ላይ አስደግፌ ቪዲዮውን ሳይ ነው የምውለው። ባለፈው የሰው ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ለጀማሪ የሚሆን ቦታ አለ። የድንጋይ ሸንተረር ወደ ባሕሩ ገብቷል። ማዕበሉ ከሸንተረሩ ጫፍ ሲደርስ ባንድ ጊዜ አይደረመስም፤ ከአንድ ጎኑ ጀምሮ ቀስ እያለ እየተጠቀለለ ወደ ዳር ይሄዳል። ስለዚህ የሚማር ሰው ከየት እንደሚነሣና የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ ያውቃል። ከሥሩም አሸዋ ነው። ይህን ስትነግረኝ፣ እንግዲያው መልካ ማለት ነዋ፣ አልኳት። ወንዝ ሁሉ የሚሻገሩበት መልካ እንዳለው፣ ለካ ባሕርም አለው።

ማስተዋል ግን አልገባችም። ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቿን ተከትላ ትሄድና ከአሸዋው ላይ ተቀምጣ ጫማቸውን ትጠብቃለች። የውሃ መሐንዲስ ጫማ ጠባቂ ሆና ቀረች። ለምን ብላት፣ አባባ ገዝተውኛል፣ አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔም እስከዚህ ዕድሜዬ እግሬን የምታጠበው በሳፋ ነው።

ከግዝቱ በፊት እንዲህ አልነበረም። ቅዳሜ ለገበያ የሚወርድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከደጃችን ብቅ ብሎ ውሃው እንዴት ነው ይልዎ ነበር። እርስዎም ወርደው ቀለሙን አይተው፣ ድምፁን ሰምተው ይመለሱና፣ ሂዱ፣ ውሃው ደህና ነው ካሉ ሰዉም አህያውም ይሻገራል። ቆዩ ካሉ ደግሞ ማንም ቢሆን ይቆያል። በማንኩሳ ዙሪያ ቃልዎን የሚያልፍ አልነበረም። እኔ ያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ አባቴ ወንዝ የሚያዝ ነበር የሚመስለኝ።

ያ ቅዳሜ ፀሐይ ነበር። በክረምት መካከል አንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ይል የለ፣ እንደዚያ። ወርደው አዩ፣ ተመልሰውም ሂዱ፣ ውሃው ደህና ነው አሉ። ሰው ሁሉ ተሻገረ። ታላቅ ወንድሜ ሙላት ከሁሉም ኋላ አህያችንን እየነዳ ገባ። ከመካከል ሲደርስ ደራሽ ጎርፍ መጣ። አህያዋ ወጣች፤ ሙላት በሦስተኛው ቀን ከታች ተገኘ።

በአርባው ዕለት ካህናቱ ባሉበት ብድግ ብለው፣ ከዚህ ቤት የተወለደም ገና የሚወለድም እግሩን ከወራጅ ውሃ እንዳያስገባ ብለው ገዘቱን። ማስተዋልንም ሰባት ዓመት ሲሞላት በመስቀል አስምለዋታል። ከዚያ ቀን ወዲያ ሰው ከደጃችን መጥቶ ውሃው እንዴት ነው ሲልዎ፣ እኔን አትጠይቁኝ ይሉ ነበር። ውሃው ደህና ነው የምትለዋን ቃል እስኪያርፉ ድረስ ከአፍዎ አልሰማናትም።

እንግዲህ የዛሬው ነገር እዚህ ላይ ነው። ማስተዋል ትምህርቷን ጨርሳ ነሐሴ ሲገባ ትመለሳለች። ባሕሩ ዘንድ የምትሄድበት የመጨረሻው ቅዳሜ ነገ ነው። እማዬ፣ ግዝቱን አስፈቺልኝ፣ ካልተፈታልኝ አልገባም አለችኝ። እንዳልፈራም ብላ የማዕበሉን ትንበያ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ኧረ አባባ፣ ይህን እርስዎ ባዩት! ማዕበሉ ቁመቱ ስንት እንደሚሆን፣ ከአንዱ ማዕበል እስከ ቀጣዩ ስንት ሰከንድ እንዳለ፣ ነፋሱ ከየብስ ይሁን ከባሕር፣ ሁሉን ለስድስት ቀን አስቀድሞ ይናገራል። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ እንደሚጎድልስ ያውቁ ኖሯል? ጨረቃ ናት አሉ የምትስበው። እኔ ጨረቃ ከማብራት ሌላ ሥራ ያላት አይመስለኝም ነበር። ነፋሱ ከየብስ ቀስ ብሎ ሲነፍስ ማዕበሉን ያቀናዋል፣ ከባሕር ሲመጣ ግን ይበጣጥሰዋል። ሻርክ ስለሚሉት ዓሣ ደግሞ ትንበያው ምንም አይልም፤ ማስተዋልም ወሬ ትቀይራለች።

ማክሰኞ ዕለት ግን ተጣላን። ትንበያው ለሐሙስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ዝናብ የለም፣ ነፋስ የለም ይላል። ከሥሩ ደግሞ ማዕበሉ ሁለት ሜትር ተኩል ይሆናል ይላል። ደወልሁና፣ ይሄ ያመጣሽልኝ ነገር ውሸታም ነው፣ ዝናብ ሳይኖር ውሃ ምን ያስነሣዋል ብዬ ጮኽሁባት። እንዴት እንደሳቀች! ከዚያ ስታስረዳኝ፣ ማዕበሉ የእነሱ ሰማይ የወለደው አይደለም አለች። ሰው ከማይኖርበት፣ ከባሕሩ ደቡብ፣ ከሦስት ከአራት ቀን በፊት ዐውሎ ነፋስ ይነሣል። ዐውሎው እዚያው ያልቃል፤ ማዕበሉ ግን ብቻውን መንገድ ጀምሮ ይመጣል። ከእነሱ ዘንድ ሲደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ፀሐይ ነው።

ስልኩን ዘግቼ መቀሱን እንደያዝሁ ቀረሁ። ያን ቅዳሜም ፀሐይ ነበራ፣ አባባ።

ከሙላት በኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሰዓት ከደጁ ካብ ላይ ተቀምጠው ወደ ደጋው ሲያዩ ይውሉ ነበር። ከዚያ በትርዎን ይዘው ብቻዎን ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። እናታችን፣ ተዉት፣ ኀዘኑን ያውጣበት ትለን ነበር። እኔ ስንቱን ስጠይቅ ኖሬ ያን ብቻ ሳልጠይቅዎ ቀረሁ። ይቆጨኛል።

ረቡዕ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድሁ። ትንበያውን ባሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። ነፋሱን፣ ጨረቃዋን፣ ሰከንዱን አንድ በአንድ አስቆጠሩኝ። በመጽሐፍ ማዕበል ማዕበል ሲሉ ዕድሜያቸውን ፈጅተው፣ ለካ እሳቸውም አይተውት አያውቁም። ግዝት ላስፈታ ሄጄ የባሕር አስተማሪ ሆኜ ዋልሁ። በመጨረሻ ጥያቄዬን ሳነሣ፣ ወራጅም በዪው ባሕር፣ ውሃ ውሃ ነው አሉ። ግን ቋጠሮ ለምን እንደተቋጠረ ሳላውቅ አልፈታም፤ አባትሽ ውሃውን ጠልቶት ነው ወይስ ሌላ ሐሳብ ነበረው፣ ሂጂና አጣርተሽ ነይ ብለው ሰደዱኝ። የሞተን ሰው ሐሳብ ከየት ላጣራ? እንዲያው በሆዴ እያጉረመረምሁ ወጣሁ።

ሐሙስ እስከ ማንኩሳ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግሬ ሄድሁ። ቤትዎ ደህና ነው። ታናሽ ወንድሜ ሣሩን አንሥቶ ቆርቆሮ አልብሶታል፤ ዝናብ ሲመጣ ሰውና ሰው አይሰማማም። ካቡ ግን እንዳለ ነው። ትንሽ ተቀመጥሁበትና ወደ መልካው ወረድሁ። ከሙላት ሞት ወዲህ ያልወረድሁበት መንገድ ነው። ከዳር ጎረቤትዎን አያ ቢተውን አገኘኋቸው፤ አርጅተዋል፣ ጆሯቸው ግን ከእኔ ይሻላል። በዚህ ጭቃ ምን ልትፈልጊ መጣሽ አሉኝ። አባቴ በየክረምቱ እዚህ እየወረደ ምን ያደርግ እንደነበር ልጠይቅ ነው አልኳቸው።

በገረሜታ አዩኝና በዱላቸው ወደ ውሃው ዳር ጠቆሙኝ። ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አንዱ ካንዱ ከፍ እያለ እንደ ደረጃ ተተክለዋል። ታችኛዋን ውሃው ውጧታል፣ መካከለኛዋን ይልሳታል። አባትሽ ነው የተከላቸው አሉኝ። ለካ እርስዎ ከካቡ ላይ ሆነው ከደጋው ዝናብ ሲወርድ ያዩ ኖሯል፤ ያ ዝናብ ውሃ ሆኖ እዚህ እስኪደርስ ምን ያህል እንደሚፈጅ፣ የትኛዋን ድንጋይ እንደሚነካ፣ ክረምት በክረምት ሲለኩ ኖረዋል። ታችኛዋ ደርቃ ደጋውም ከጠራ ተሻገር፤ ደጋው ከጠቆረ ግን ራስህ ላይ ፀሐይ ቢሆን እንኳ ቁም፤ መካከለኛዋ ከተነካች ወደ ቤትህ። ላይኛዋ ከተነካች ከዳሩም ራቅ። አገሬው እስከ ዛሬ በዚህ ነው የሚሻገረው። ከሙላት ወዲህ በዚያ መልካ የተወሰደ ሰው የለም አሉኝ አያ ቢተው።

አለቀስሁ አባባ። ከሰው ፊት፣ እንደ ሕፃን። አገር ሁሉ የሚያውቀውን እኛ ልጆችዎ ብቻ ሳናውቀው ኖርን። ከውሃው ገዝተውን፣ ወርደን አይተን አናውቅማ!

ዛሬ ጠዋት ለነፍስ አባታችን ይህንኑ ነገርኋቸው። እሳቸውም፣ ውሃ የጠላ ሰው ድንጋይ አይተክልም፣ ትቶ ይሄዳል እንጂ አሉ። ተነሥተው ጸለዩና ግዝቱን ፈቱት። ለእኔ አርባ ስግደት ሰጡኝ። ስወጣ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። አባቴ ራሱን የገዘተውስ፣ ያቺን ቃል ዳግመኛ ላይናገር ያሰረው ራሱን፣ እሱን ማን ይፈታዋል? ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ የልጁ፣ የአንቺ ሥራ ነው አሉኝ።

የነገው ትንበያ እነሆ፤ ደስ ይልዎታል ብዬ ነው የምጽፍልዎ። የሐሙሱ ትልቅ ማዕበል አልፏል። የነገው ከወገብ አይበልጥም። ከአንዱ እስከ ቀጣዩ አሥራ ሁለት ሰከንድ፣ ለጀማሪ በቂ ፋታ ነው አለች። ነፋሱ ጠዋት ከየብስ፣ ለስላሳ። ሰማዩ ጥርት ያለ። ከሩቁ ደቡብም የተነሣ አዲስ ዐውሎ የለም፤ ይህን ሦስት ጊዜ አስደግሜ አስነግሬያታለሁ። የሚያስተምራት ሰው ከጎኗ አይለይም። የእርስዎን ድንጋዮች ነገር ሙሉውን ነግሬያታለሁ፤ እሷም ሦስት ድንጋይ ለቅማ ከአሸዋው ላይ በተርታ ሳትተክል እንደማትገባ ማለችልኝ። የጫማ ጠባቂነቱንም ለሌላ ሰው አስረክባለች።

አንድ ነገር ግን ለመነችኝ። ከመግባቷ በፊት ደውላ፣ ውሃው እንዴት ነው ልትለኝ ትፈልጋለች። ሳቅሁባት፤ ባሕሩ ካንቺ እግር ሥር፣ እኔ ከዚህ፣ የቱን አይቼ ልመልስልሽ አልኋት። ግን ገብቶኛል። ከቤቷ አንድ ሰው ሂጂ እንዲላት ነው የምትፈልገው።

አልዋሽዎትም፣ እፈራለሁ። ትንበያውን ዛሬ ብቻ አሥር ጊዜ ከፍቼዋለሁ። ያ ቃል ስንት እንደሚከብድ አሁን ገና ገባኝ፤ እርስዎ ለአገር ሁሉ እንዴት ይሉት ነበር? ደግሞ አንድ ነገር ይስሙኝ። ሙላትን የወሰደው የእርስዎ ቃል አይደለም። ማንም ያላየው፣ ሩቅ የዘነበ ዝናብ ነው። በእርስዎ ቦታ ማንም ቢሆን ያን ቀን ሂዱ ይል ነበር። ይህን ልጅዎ ነኝ የምልዎ፣ ያቺ ጠያቂዋ። እባክዎ ይረፉበት።

እኔም አልረሳዎትም፤ በተዝካር ቀን ብቻ አይደለም። መስከረም ሲጠባና ወንዙ ሲጎድል፣ ጎርፍ ያዛባቸውን ድንጋዮች እያቃናሁ እኖራለሁ፣ እግሬን ከውሃው አስገብቼ።

ነገ በማለዳ ወደ ቤትዎ እሄዳለሁ። ከካቡ ላይ ኔትወርክ ይይዛል። ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ይጠራል፣ ማስተዋልም ውሃው እንዴት ነው ትለኛለች። መጀመሪያ ወደ ደጋው እመለከታለሁ፣ ለልማዱ። ከዚያ በእርስዎ ቦታ እንደተቀመጥሁ በእርስዎ ቃል እመልስላታለሁ፤ ሂጂ ልጄ፣ ውሃው ደህና ነው።

ልጅዎ ውዴ
ከፍኖተ ሰላም