አባዬ፣ በቀኝ!

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4 ቀን
ከበረራ ትምህርት ቤቱ

ይድረስ ለምላሰኛዋ ልጄ፤

አስቀድሜ፣ እንዳትደነግጪ፦ እናትሽም እኔም ደህና ነን፤ አውሮፕላኗም ጭረት አልነካትም።

ሌላ አውሮፕላን ሲጠጋ በጆሮ ማዳመጫ የሚያስጠነቅቀው፣ በራስሽ ድምፅ ቀርጸሽ የላክሽልኝ መሣሪያ ደርሶኝ ነበር። አምና «ዓይንህ ደክሟል፣ መብረር ይብቃህ» ብለሽኝ ተኳርፈን ስለነበር አላመሰገንኩሽም። መካኒኩ በማስተምርባት አውሮፕላን ላይ ገጠመው። ታዲያ መሬት ላይ ሞተር አስነስተው ተራ የሚጠብቁትን አውሮፕላኖች ሁሉ እያየ «አባዬ፣ በግራ! አባዬ፣ በቀኝ!» እያለ ሲያደነቁረኝ ድምፁን እዘጋዋለሁ። ከተነሳሁ በኋላ መልሼ መክፈት ነበረብኝ፤ ከፍቼው አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ተማሪዬን፣ የጥርስ ሐኪሟን፣ ይዤ ወጣሁ። እሷ ደግሞ አንድ ነገር ከዘለለች የሚያማት ሴት ናት። የፍተሻ ዝርዝሩን እያነበበች «የማስጠንቀቂያ ድምፅ» የሚለው ጋ ስትደርስ ቁልፉን እስከ ጥጉ ጠመዘዘችው።

«ኧረ ቀስ! ጆሮዬ ጥርስ አይደለም» አልኳት።

ለማረፍ ስንዞር ጮኽሽ፦ «አባዬ፣ በቀኝ! እኩል ከፍታ! ቅርብ!»

ወደ ቀኝ አየሁ። ባዶ ሰማይ ነው።

«የታለ?»

«ያውና ጋሼ፣ ቢጫው! ወደ እኛ እየመጣ ነው!»

ልጄ፣ እኔ አላየሁትም። አንቺን ብቻ አምኜ መሪውን ገፋሁና ወደ ግራ ዝቅ አልኩ። በላያችን ማለፉን ያወቅሁት ጥላው ጉልበቴ ላይ ሲያርፍ ነው።

ካረፍን በኋላ ሐኪሟ ሳቅ ያዛት፣ እኔንም አሳቀችኝ፤ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። እንባዬን ጠርጌ ቀጥ ብዬ ኃላፊው ቢሮ ገባሁና የመብረር ፈቃዴን አስረከብኩ። ከሰኞ ጀምሮ ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የዓይን ምርመራውን የማልፈው የሰሌዳውን ፊደላት በቃሌ ሸምድጄ ነበር። ዛሬ ለኃላፊው ስነግረው ከትከሻዬ ላይ ኩንታል የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ምሳዬን እንኳ እንዴት እንደበላሁ እናትሽ ትንገርሽ።

መካኒኩ «እንግዲህ ‹አባዬ› የሚለውን ላጥፋው?» ቢለኝ፣ እጅህን እንዳታሳርፍበት አልኩት። ሐኪሟም ከእሷ በኋላ የሚመጡትም «አባዬ» እየተባሉ ይብረሩ።

ካየሽውም ካላየሽውም ክፉ ነገር ፈጣሪ ይጋርድሽ። ደግሞ እሁድ ደውዪ። እስከ ዛሬ «መስመሩ አይሰማም» እያልኩ ስልኩን ለእናትሽ ሳቀብል፣ በደንብ ይሰማኝ ነበር። እሁድ የማነሳው እኔ ነኝ።

አባትሽ