በበሩ ላይ ስለተደረደሩት ነጭ ጎማዎች የቀረበ ይቅርታ

ለክቡር የካርት እሽቅድድም ማኅበር የውድድር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም የሁለቱ ክንዶችዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? ክንድን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእኛ ቤት አንዱ በጄሶ ከታሰረ ወዲህ የሰውን ሁሉ ክንድ ደኅንነት መጠየቅ ልማድ ሆኖብናል።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ እርስዎ ግን ይበልጥ የሚያውቁኝ «ጥንዚዛ» የምትባለው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እናት በመሆኔ ነው። ስሙን ያወጣላት ካርቷን፣ ያቺን ጣሪያ የሌላት ትንሽ የእሽቅድድም መኪናዋን፣ የሚጠግንላት አጎቷ ነው፤ ከመሬት ስንዝር በማይርቅ ነገር ላይ ተቀምጣ ሜዳውን በጩኸት ስትዞረው ሲያይ ሌላ ስም አልመጣለትም። ኮሚቴዎ በላከልን ደብዳቤ፣ ልጄ በውድድሩ ዕለት የክብር እንግዳውን በንግግር ስላስቀየመች በወላጇ በኩል በጽሑፍ ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ መታገዷን ገልጾልናል። እነሆ ይቅርታው። እንግዳው ተቀየሙ የተባለው በሰው ፊት ነውና ይቅርታውም በሰው ፊት እንዲሆን ብዬ ግልጽ ደብዳቤ አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ልጄን ወደ እናንተ ሜዳ በማምጣቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በእርግጥ በዘራችንም ያልነበረ ነገር ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ በዝግታ ስለምነዳ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ እያስጮኸ የሚሰድበኝ ሴት ነኝ፤ ከእኔ ሆድ ፍጥነት የሚወድ ልጅ ይወጣል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። በመዝናኛ ቦታ በሚከራዩት ካርቶች ጀመረች፤ ከዚያ የእናንተ የጀማሪዎች ክፍል ካልገባሁ ብላ መውጫ መግቢያ አሳጣችኝ። የመጀመሪያው ቀን ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ቀበቶ ብፈልግ የለም። ቆሞ የሚሄድ ተሳፋሪን እንኳ «እጀታውን ያዙ» ሳልል የማልነሳ ሰው ስለሆንኩ አሠልጣኛችሁን ጠየቅሁት። «እትዬ፣ ካርት ቀበቶ የለውም፤ ቢገለበጥ ልጅቷ ከሥሩ እንዳትቀር ነው። ግድግዳውን የሚችልላት ያ የጎማ ክምር ነው፤ ቀበቶዋ እሱ ነው ብለው ይያዙት» አለኝ።

«የጎማ ክምር» ያለው በመጨረሻው መታጠፊያ፣ ከኮንክሪቱ ግድግዳ ፊት የነበረውን ነው። እርስዎ ረስተውት እንደሆነ፣ እኛ ወላጆች አሮጌ ጎማ ከየጎሚስታው ለምነን፣ በብሎን አያይዘን ያቆምነው ነው። ሁለቱ ከራሴ አውቶቡስ የወለቁ ናቸው። በዚህ መልኩ ለማኅበሩ ንብረት ያለ ፈቃድ በማበርከታችንም ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፣ የበሩን ውበት በወቅቱ ባለማድነቃችን ይቅርታ ይደረግልን። በውድድሩ ዋዜማ ኮሚቴዎ ክምሩን አስፈትቶ፣ ጎማዎቹን ነጭ ቀለም አስቀብቶ፣ እንግዳው በሚገቡበት በር ግራና ቀኝ አስደርድሮ አበባ ተከለባቸው። እውነቱን ለመናገር ያምራሉ። እኔም ከጠዋት ፈረቃዬ ወጥቼ እየሮጥኩ ስመጣ «እሰይ፣ ዛሬስ ተዘጋጅተዋል» ብዬ አድንቄ አልፌያቸዋለሁ፤ የራሴን ጎማ በጎኑ ካለው ጠባሳ ለይቼ ያወቅሁት ስወጣ ነው። የእንግዳው መኪና በዚያ በር የገባችው ከሰው እርምጃ በማይፈጥን አካሄድ ስለነበር፣ ጎማዎቹ ከማንኛውም አደጋ በሚገባ ጠብቀዋታል።

ልጄ ግን በማሞቂያው ዙር ላይ አይታ ነበር። «ግድግዳው ራቁቱን ነው» ብላ ለአሠልጣኙ ነግራዋለች፤ እሱም ለእርስዎ ነግሮዎታል፤ እርስዎም «ለአንድ ቀን ነው፣ ተጠንቅቀው ይንዱ» ብለዋል። ስለ ምክርዎ እናመሰግናለን። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ያውም በእሽቅድድም ላይ፣ ተጠንቅቀሽ ንጂ ብሎ መምከር የብዙ ዓመት የአመራር ልምድ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ ግድግዳችሁን በመምታቷ። እዚያ መታጠፊያ ላይ ያልወጣ ልጅ የለም፤ ይወጣሉ፣ ጎማው ውስጥ ይሰነቀራሉ፣ አቧራቸውን አራግፈው እየተነጫነጩ ይመለሳሉ። ጥንዚዛንም ከኋላ ሌላ ካርት ነካትና ወጣች። መሪ ይዘሽ ከመታሽ እጅሽን ይጠመዝዘዋል፣ ከመምታትሽ በፊት ልቀቂው ተብላ ስለተማረች ለቀቀችው፤ እጅ የለመደውን ያደርጋል። ከዚያ ጎማው በነበረበት ቦታ ኮንክሪቱን በክንዷ ተቀበለችው። ጎማ ሲመታ ድምፁ ድፍን ነው። ይሄኛው ሌላ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አራተኛ፣ ወደ ንግግሯ እንምጣ፤ የተከሰስንበት እሱ ነውና። ልጄ ቃሬዛ ላይ ሆና፣ ትንሿ ልጅዎ ሄልሜቷን ይዛላት አጠገቧ ቆማ ሳለ፣ የክብር እንግዳው ከነአጃቢዎቻቸው መጥተው ጎንበስ አሉና «ምን ሆንሽ ልጄ?» አሏት። እሷም «ጎማዎቼ እርስዎ በር ላይ ናቸው» አለች። ይኸው ነው። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ የእሷ አፍ ግን ያየውን ተናገረ እንጂ አልከዳም። ስለ እንግዳው መቀየምም ቢሆን እርግጠኛ አይደለሁም፤ እኔ እንዳየሁት ቀና ብለው በሩን አዩ፣ ከዚያ ዞር ብለው እርስዎን አዩ። የተቀየመ ሰው ካለ እዚያው አካባቢ ይፈለግ።

ኮሚቴዎ የመታጠፊያውን ደኅንነት የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ማቋቋሙንም ሰምተናል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉትን አይስሟቸው፣ መጮኹም በራሱ ሥራ ነው። ጥናቱ እስኪያልቅ ጎማዎቹ በበሩ እንደሚቆዩ፣ ምክንያቱም አበቦቹ ገና መጽደቃቸው ስለሆነ ቢነቀሉ እንደሚደርቁ የግቢው አትክልተኛ አስረድቶኛል። አበባ ሲደርቅ ማየት እንዴት እንደሚያሳዝን እኛም አናጣውም።

ክቡር ሆይ፣ ለአፍታ ያለ ፌዝ ልናገር። እኔ ፈርቻለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በእኔ አውቶቡስ ነው የምትሳፈረው፤ ቦታዋም ከፊት፣ መንገዱ ወለል ብሎ ከሚታይበት ወንበር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መታጠፊያ በደረስን ቁጥር በግራ እግሯ ወለሉን ትጫናለች። የካርት ፍሬን በግራ እግር ነው። እኔ በመስታወቱ አያታለሁ፤ እሷ ያላየኋት ይመስላታል። «ፈርተሽ ነው?» ብዬ አልጠየቅኋትም፤ «አዎ» ብትለኝ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል፣ እሷ ግን ከምትወደው ነገር ትለያለች። እንድትተወው እመኛለሁ፤ ተሸንፋ እንድትተወው ግን አልመኝም። አጎቷ ካርቷን አቃንቶ ጨርሷል፤ እሷም በደህና እጇ እየወለወለች መቼ እንደምትመለስ ትጠይቀኛለች። ወደ ራቁት ግድግዳ መልሼ ልልካት አልችልም፤ ይህንንም ልነግራት አቅም አጥቼ ተቀምጫለሁ።

ስለዚህ ከላይ የተዘረዘረውን ይቅርታችንን ተቀብለው ጎማዎቹን ወደ መታጠፊያው እንዲያስመልሱልን፣ እገዳዋንም ከዚያ ቀጥሎ፣ ጊዜ ሲኖርዎ እንዲያነሱልን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛነፍ ብቻ አደራ። መሸከሙ የሚያስቸግር ከሆነ እኛ ወላጆች ጀርባ አለን፤ አበቦቹንም የሚወዱት ዕቃ ላይ አዛውረን እንተክልልዎታለን።

ለሰጡን ትምህርት፣ ለተሰጠንም የእገዳ ዕረፍት ከልብ እያመሰገንኩ፣

የግድግዳዎ ጥንካሬ ምስክር፣ የበርዎ አድናቂ፣
በነጭ ቀለም የተቀቡ የሁለት ጎማዎች የቀድሞ ባለቤት፣
የጥንዚዛ እናት

ማሳሰቢያ፦ ልጄ ይህን ደብዳቤ አንብባ «እማዬ፣ አበዛሽው» ብላኛለች፤ ሆኖም አንድ ነገር እንድጨምርላት ለመነችኝ። ትንሿ ልጅዎ በመጪው ቅዳሜ በጀማሪዎች ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምትወዳደር ሰምታለች። በልምምድ ላይ አብራት ስለነበረች አነዳዷን ታውቀዋለች፤ በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ፍሬን የምትይዘው ዘግይታ ነው። ጎማዎቹ እስኪመለሱ ድረስ ቀደም ብላ እንድትይዝ አባቷ ይንገራት ብላለች።