ለተርባይኑ ብቻ የሚጮኸው ሳይረን

ታኅሣሥ 9 ቀን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ነፋሱ ከአውድማው ወደ ቤቶቹ ይነፍሳል። የተገኙ፦ እኔ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ፣ ጀርባዋን የምታሻት ታላቅ እህቴ።

ለተከበሩ የኃይል ማመንጫው ሥራ አስኪያጅ፣

የእርስዎ፣ የቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ የተርባይንዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኔ ቢሮዎን በየቀኑ የምጠርገው ሴት ነኝ፤ ፊቴን ባያስታውሱት መጥረጊያዬን ያስታውሱት ይሆናል። ማንበብ የተማርኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ነው፤ ስለ አየር ማጣሪያ የማውቀውንም ያገኘሁት እርስዎ ቅርጫት ውስጥ ከጣሏቸው የመመሪያ ገጾች ስለሆነ፣ ብሳሳት እንደ መምህሬ ይታገሡኝ።

በመጀመሪያ ላመስግንዎ። ተርባይኑ ያልተጣራ አየር እንደማይቀምስ፣ ማጣሪያው አቧራ ሲይዝ በታመቀ አየር እንደሚራገፍለት፣ የግፊት መለኪያው ቀስት ትንሽ ከፍ ካለ ደግሞ ሁለት ቴክኒሻኖች እየሮጡ እንደሚደርሱለት በዓይኔ አይቻለሁ። የልጄ ደረት ሲያፏጭ የምሮጠው እኔ ብቻ ነኝ። አልዋሽዎትም፣ ቀንቻለሁ። ሌላ ሴት በጎረቤቷ ቤት ትቀናለች፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ በብረት ቀናሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ሳይረኑ ነው። በመውቂያ ወቅት ነፋሱ የእህሉን እብቅ ወደ ማጣሪያ ቤቱ ሲወስደው ሳይረኑ ይጮኻል፤ በማመንጫውና በቤቶቻችን መካከል ባለው አውድማ የሚወቁት ገበሬዎችም ከእርስዎ ጋር በተስማሙት መሠረት የእህል መንሻቸውን አስቀምጠው ነፋሱ እስኪዞር ይቀመጣሉ። የሚዞረው ግን ወደ እኛ ቤቶች ነው። ያኔ ሳይረኑ ዝም ይላል፤ እነሱም የባከነባቸውን ሰዓት ለማካካስ እጥፍ ያናፍሳሉ። አንድ ቀን ጠረጴዛዎን እየወለወልኩ ለእኛም እንዲጮኽ ብጠይቅዎ፣ ሳይረኑ የሚሠራው በመለኪያ እንደሆነና ቤቶቹ መለኪያ እንደሌላቸው ሳይሰለቹ አስረድተውኛል። እውነትዎን ነው፣ የለንም።

ሦስተኛውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ ነበር። ሲጓጓዝ ጠርዙ በመጎዳቱ ሳይገጠም የተጣለ አንድ ማጣሪያ ወስጄ በልጄ መስኮት ላይ በምስማር መታሁት። ሁለት ቀን ሳታፏጭ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ጥበቃው መጥቶ፣ «እትዬ፣ እኔን አይቀየሙኝ፤ ይሄ እንዲቃጠል የተመዘገበ የድርጅት ንብረት ነው» ብሎ ነቀለው። ምስማሮቹን ግን መልሶልኛል። ስለ ምስማሮቹ ድርጅቱን ከልብ አመሰግናለሁ።

አሁን የምለምንዎ ማጣሪያ አይደለም። ነፋሱ ወደ ቤቶቹ ሲዞርም ሳይረኑ ይጩኽልን፤ ልጄም እንደ ተርባይኑ ተራዋን አግኝታ ትተንፍስ።

ለተርባይንዎ ረጅም ዕድሜና ንጹሕ አየር፣ ለእርስዎም ከእሱ የተረፈውን እየተመኘሁ፣ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ቢሮዎን የምጠርገው፣ የልጅቷ እናት

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ሳላደርስዎ ነጋ። ታኅሣሥ 10 ቀን ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነፋሱ ወደ እኛ ዞረ። መለኪያ ስለሌለኝ ጆሮዬን በልጄ ደረት ላይ አደረግኩ፤ ያፏጫል። የብረት ትሪና ማንኪያ ይዤ አውድማው ጠርዝ ላይ ቆሜ መታሁ። ገበሬዎቹም የለመዱትን አደረጉ፤ መንሻቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ። አንዱ፣ «እትዬ፣ ይሄ ደግሞ ለየትኛው ማሽን ነው?» አለኝ። የልጄን ስም ነገርኩት። ሦስት ሰዓት ላይ ነፋሱ ወደ እርስዎ ሲዞር ትሪዬን አስቀመጥኩ፤ ሳይረንዎ ተቀበለኝ። በሁለታችን መካከል እህል የሚያናፍሱበት ሰዓት ስላልተረፋቸው፣ አሥራ አራቱ ገበሬዎች ተሰብስበው እርስዎን ሊያነጋግሩ ተነሡ። እኔም ቀድሜያቸው ገብቼ ቢሮዎን ጠረግኩ፣ አሥራ አራት ወንበር ደረደርኩ፣ ይህን ደብዳቤም አሁን በሩ ላይ እለጥፋለሁ።