ሰነፉን የነቀልኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይ? ያ ጉልበትህስ ደረጃ ስትወጣ መንቋቋቱን ተወ? ባለቤትህስ፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆችህስ እንዴት ናቸው? ትልቋ ጥርሷ ተነቅሏል ብለኸኝ ነበር፤ አዲሱ በቀለላት? እኛ ደህና ነን። እማዬ ከጆሮዋ በቀር ምንም አልሆነችም፤ እሱም ቢሆን የማትፈልገውን ብቻ ነው የማትሰማው። እኔም ከዓይኔና ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። አሁንማ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት መነጽር አድርጌም እታገላለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን የዋሸሁህ ነገር ስላለ ነው። በየደብዳቤህ መጨረሻ «ሰነፉስ እንዴት ነው?» ትለኛለህ፤ እኔም «ደህና ነው፣ አጥሩን አልፎ ሄዷል» እያልኩ እመልስልሃለሁ። ሰነፉ የለም። አንተ በሄድክ በዓመቱ አጥፍቼዋለሁ።

አባባ ሁለቱን የዱር ወይኖች ከወንዝ ዳር አምጥቶ በበሩ ግራና ቀኝ ሲተክላቸው ታስታውሳለህ። የግራዋ ያቺን ሽምብራ የምታክል፣ ጥርስ የምታጠርስ ፍሬዋን በየዓመቱ ታዘንብልናለች፤ የቀኙ ግን አበባ ብቻ። ሰነፉ ያልኩት እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ «እኔና እሱ ጓደኛሞች ነን» ብለህ ወንበርህን ከሥሩ አደረግክ። እኔ በመስኮቱ በኩል ስሰፋ አንተ ከዚያ ሆነህ ስታወራኝ ትውላለህ። «ሁለታችሁም ጥላ እንጂ ፍሬ የላችሁም» እያልኩ ከነወይንህ እሰድብሃለሁ። በመጨረሻ ሂድና ሰው ሁን ያልኩህም እኔው ነኝ።

ከሄድክ በኋላ ለግራዋ ቦታ ላስፋላት ብዬ መጋዝ አነሳሁ። የዱር ነገር መች በዋዛ ይሞታል፣ ውርጭም ድርቅም ያልገደለው ነው። ሦስቴ ቆረጥኩት፣ ሦስቴ አቆጠቆጠ። በአራተኛው ሰው ጠርቼ ከነሥሩ አስነቀልኩት። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የግራዋ አንዲት ፍሬ አልያዘችም። አመድ አለበስኳት፣ ፍግ አበላኋት፣ አፈሯን ኮተኮትኩ፣ ደረቁን ቅርንጫፏን አወረድኩላት። ቅጠሏ ይንዠረገጋል፣ አበባዋም ይወጣል፤ ከዚያ እንደ ገለባ ይረግፋል። እማዬ «ልጄ ስለሄደ አኩርፋ ነው» ትላለች። ለጎረቤቱ ሁሉ እንዲህ እያለች ጥፋቱን ባንተ ላይ ስታሳብብ፣ እኔ ስፒል በጥርሴ እንደያዝኩ ስፌቴን እቀጥላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከመንገዱ ማዶ ያለው ችግኝ ሻጭ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። አበባዋን በጣቱ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየና አጠገቧ ሌላ ነበር ወይ አለኝ። ነበር፣ የማያፈራ ሰነፍ ስለሆነ አስነቀልኩት አልኩት። የዱር ወይን ወንድና ሴት አለው፤ ወንዱ ፍሬ አይሰጥም፣ ያለ እሱ ግን ሴቷም አታፈራም አለኝ። «እትዬ፣ ባሏን ነቅለሽ ውለጂልኝ ትያታለሽ?» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ስፌቱም ያው ሆኗል፣ ወንድሜ። አንተ ሳለህ ደንበኛው ለአንዲት ቁልፍ መጥቶ አንተ ዘንድ ሲስቅ ይውል ነበር፤ እኔ ሥራ አስፈቱኝ እያልኩ እነጫነጫለሁ። አሁን ጨርቁን በመስኮት ያቀብሉኝና «መቼ ልምጣ?» ብለው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ የስፌት መኪናዬ ድምፅ ብቻ ነው። ወንበርህን ሁለቴ ጓዳ አስገባሁት፣ ሁለቴም መልሼ አወጣሁት።

አሁን አንድ ነገር አጣራልኝ። ስትሄድ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ የወሰድካት እንጨት ከየትኛው ነበረች? በረንዳህ ላይ በጣሳ እንደተከልካት፣ ባለቤትህ «እንዳንተው ያብባል እንጂ አያፈራም» እያለች እንደምትስቅባት ጽፈህልኝ ነበር። አበባዋን ደህና አድርገህ ለችግኝ አዋቂ አሳይ። ወንድ ነው ካሉህ ሰነፉ አልሞተም ማለት ነው። ቅጠሉ ሲረግፍ እርሳስ የሚያህል፣ ሦስት አራት የቡቃያ ዓይን ያለው ቅርንጫፍ ቁረጥልኝ። በፖስታ ላክልኝ ልል ነበር፣ መንገድ ላይ ይደርቃል። ለጥቂት ቀንም ቢሆን ራስህ ይዘኸው ና። ጉድጓዱን ቆፍሬ ጨርሻለሁ።

ባለቤትህን እቀፍልኝ፤ ቀልዷ እውነት ኖሯል በልልኝ። ትልቋን በአዲሱ ጥርሷ በኩል፣ ትንሿን ባገኘህበት ሳምልኝ። ችግኝ ሻጩም ሳያውቅህ ሰላም ብሎሃል። እማዬም እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሃለች። ትናንት ጆሮዋ ሥር ሆኜ፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ የኔ ነው ብዬ ጮኼ ነገርኳት። «እንግዲያ መልሺው» አለችኝ። ወይኑን ይሁን አንተን አልጠየቅኳትም።

እህትህ እታለም
ከመስኮቱ ሥር፣ ከስፌት መኪናው ላይ
ሰኔ 21 ቀን