ከወርቅ ወደ ብር

ረቡዕ፣ ማርች 4

ዛሬም የኮርማ ፍልሚያ ሙዚየም ውስጥ ሳስጎበኝ ዋልኩ። ዝናብ ስለነበር ጎብኚ አልበዛም። አንዲት ሸምገል ያለች እንግሊዛዊት ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶዬን አይታ ወደ እኔ ዞረች። «ይሄ አንተ ነህ? ቶሬዶር ነህ ማለት ነው?»

ሳቄን ዋጥኩት። እነሱ አገር እንደዚያ ነው የሚሉን... እዚህ ግን ማንም እንደዚያ አይልም፣ የመድረክ ዘፈን ላይ ካልሆነ። አስረዳኋት። ኮርማ ፊት የሚቆም ሁሉ ቶሬሮ ነው። ካባ ይዞ የሚያሯሩጠውም፣ አጫጭር ጦሮቹን የሚሰካውም። ማታዶር ግን መጨረሻ ላይ በሰይፍ የሚገድለው ብቻ ነው። እሱ በወርቅ ክር የተጠለፈ ይለብሳል፣ እግረኛ ረዳቶቹ በብር።

«አንተስ?»

«ማታዶር።» ደረቴን ነፋሁ መሰለኝ።

«ታዲያ መቼ ነው የምትጋጠመው? መጥቼ ልይህ።»

ምን ልበላት? አምና አንዴ ተጠራሁ። ዘንድሮ ስልኩ ጭጭ ብሏል። «ገና አልተወሰነም» አልኳትና ወደሚቀጥለው ክፍል ወሰድኳት።

ሰኞ፣ ማርች 9

ዳሚያን ደወለ። ካባ አያያዝ ያስተማርኩት ልጅ፣ አሁን ራሱ ማታዶር ሆኖ ፎቶው በየከተማው ተለጥፏል። «ማኤስትሮ፣ እንዳይቆጡኝ...» ብሎ ጀመረ። ማታዶር የሆነ ሰው ሁሌም ማኤስትሮ ተብሎ ነው የሚጠራው፤ ስራ ባይኖረውም።

ከረዳቶቹ አንዱ ጉልበቱ ተሰብሮ ዘንድሮ አይመለስም። «እርስዎን አሰብኩ። ከእኔ ጋር እንዲሆኑ... ብር ለብሰው።»

ብር! ለእኔ! አንዴ ብር ከለበስኩ ከማታዶሮች ተርታ ወጣሁ ማለት እኮ ነው። ሰይፍ የለም። ለዳሚያን ልታዘዝ ነው። ማኤስትሮ እና እርስዎ እያልኩ የምጠራው እኔ ልሆን ነው... «አስቤበት እደውላለሁ» አልኩት።

ማክሰኞ፣ ማርች 10

የማይታሰብ ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 12

ለኢንማ ነገርኳት። ሚስቴ ናትና ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ሽንኩርት መክተፏን እንኳን አላቆመችም።

«እና ምን አልከው?»

«አስቤበት አልኩት።»

«ምኑን ነው የምታስበው? ሌአንድሮ፣ ልንገርህ? ካባ ስትይዝ ከአንተ በላይ የለም። ጦሮቹን ስትሰካም እንደዚያው። ሰይፍ ስታነሳ ግን ዓይኔን ነው የምጨፍነው።»

«ስለምትፈሪ ነው።»

«ስለምትስት ነው!»

ተኮራርፈን ዋልን። እውነቷን ነው እኮ... በዚያ ሰይፍ የተነሳ ስንት ድል ከእጄ አመለጠ? ሚስት ስትናገረው ግን ያማል።

እሁድ፣ ማርች 15

ምሳ አባባ ጋ። በከተማችን በኡትሬራ አባባን በስሙ የሚጠራው የለም። ቡና ቤትም ሲገባ፣ ፀጉር ቤትም ሲገባ «የማታዶሩ አባት መጣ» ነው። ነገሩን ስነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ልጄ ማታዶር ነው።»

«አስጎብኚ ነኝ አባባ።»

«ማታዶር ነህ! ለአንድ ፍሬ ልጅ ጨርቅ ልትሸከም?»

«ጨርቅ መሸከም አይደለም። ኮርማው ለሁላችንም ያው ኮርማ ነው።»

«ታዲያ ሰው እኔን ምን ብሎ ይጥራኝ?»

ሾርባው ቀዘቀዘ። ስወጣ በሩ ድረስ እንኳን አልሸኘኝም፤ በጣም ከፋኝ።

ግን ገና ቤቴ ሳልደርስ፣ መንገድ ላይ ቆሜ ለዳሚያን ደወልኩ። እሺ አልኩት። ለምን ዛሬ? እንጃ... ቢያንስ ኮርማ ፊት እቆማለሁ። ሌላ አንድ ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅዬ ማሳለፍ አልችልም።

እሁድ፣ ኤፕሪል 5፣ ፋሲካ

በብር የመጀመሪያዬ። ልብሱን ያዋሰኝ ኤላዲዮ ነው፤ ሌላው የዳሚያን ረዳት፣ ዕድሜውን ሙሉ ብር የለበሰ ሰው።

ወደ ሜዳው ለምንገባበት ሰልፍ ቦታ ቦታችንን ያዝን። እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ቀጥ ብዬ ሄጄ ፊት መስመር፣ በግራ በኩል ቆምኩ! የዕለቱ አንጋፋ ማታዶር ቦታ ላይ! እግሬ በልማዱ ወሰደኝ። ሰውዬው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ኤላዲዮ ከኋላ እጅጌዬን ጎተተ።

«ጌታው፣ የእኛ ሰፈር ወዲህ ነው።»

በቅርብ የተቀመጡት አይተው ሳቁ። አንዱማ «ተዉት እባካችሁ፣ ናፍቆት ነው!» ብሎ ጮኸ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዳሚያን ብቻ አልሳቀም። «ከኋላዬ መሆንዎን ሳውቅ ልቤ ይረጋል» አለኝ ቀስ ብሎ። ሙዚቃው ተጀመረ፣ ገባን።

ኮርማው ጥቁር፣ በቀኝ ቀንዱ የሚዋጋ ተንኮለኛ ነበር። ካባዬን በአንድ እጄ ዘርግቼ ወደ ኋላ እያፈገፈግኩ ወሰድኩት... ዝቅ፣ ቀስ... ተከተለኝ። ሰይፍ የሚባል ነገር አይጠብቀኝማ! ስለ መጨረሻው ሳላስብ ኮርማ ፊት የቆምኩት ዛሬ ገና ነው። ጦሮቹን ሰካሁ። ደገምኩ። ሰዉ እያጨበጨበ ከመቀመጫው ተነሳ። ለማን ነው ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

«ባርኔጣዎን ያውልቁ እንጂ!» አለ ዳሚያን። «ለእርስዎ ነው!»

«እሺ፣ ማኤስትሮ።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ለእሱ። ቃሉ ሳይከብደኝ ወጣ። ባርኔጣዬን አውልቄ ሜዳው መሃል ቆምኩ፣ እንባዬም መጣ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 6

ሰውነቴ ሁሉ ደቋል። ደስ ይላል። አባባ አልመጣም ነበር፣ ዛሬም አልደወለም።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 15

ሌሎች ማታዶሮችም ደወሉ፤ ዳሚያን በማይሰራባቸው ቀናት ሊወስዱኝ። ሙዚየሙን ተሰናበትኩ።

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አባባ! ተላጭቶ፣ የእሁድ ኮቱን ለብሶ። አልተቀመጠም።

«ሰዉ ተነሳ አሉ።»

«ተነሳ።»

«ለዳሚያን ይሆናላ።»

«ለእኔ ነው አባባ።»

መስኮቱን አየ፣ ኢንማን አየ፣ ጫማውን አየ።

«የሰው ልብስ ለብሶ ወጣ አሉኝ ደግሞ። አሳፋሪ! ተነስ፣ እንሂድ።»

ልብስ ሰፊዋ ጋ ወሰደኝ። እሷ ከድሮ ጀምሮ ስለምታውቀን፣ ሳትጠየቅ የወርቁን ክር ከመሳቢያ አወጣች። አባባ እጇን ያዛት።

«ብር ነው። ጥሩውን አምጪ፣ ልጄ እስከ ኦክቶበር ስራ ላይ ነው።»

ከዚያ ጨርቁ ላይ ተጨቃጨቁ። እሷ ሰማያዊ ትላለች። እሱ «ብር የሚደምቀው በወይን ጠጅ ቀለም ላይ ነው!» እያለ ጠረጴዛውን ይመታል። እኔ እጆቼን ዘርግቼ መሃላቸው ቆሜያለሁ፣ ሜትሩ ወገቤ ላይ ተንጠልጥሏል። ማንም አልጠየቀኝም።