ሦስተኛዋ ተጓዥ

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 8። ከት/ቤት መልስ (እዚህ ት/ቤት የሚዘጋው አርብ ነው)

ሆቴሉ ዛሬም ተቀየረ። ስንተኛ ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ደንበኛችን ሐጂያ ሆዳን (ከዚህ በኋላ ሐ.ሆ.፣ እጄን ያመኛል) ለኩስኮ የያዝንላቸውን አይፈልጉም። ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ሆቴሉ በየክፍሉ ኦክስጅን ይለቃል። ይህን እንደ ትልቅ ነገር አስረዳኋቸው። ሳቁብኝ። «ኧረ አቦ! እዚህ በነፃ የምተነፍሰውን እዚያ ሄጄ ልገዛ?» ድሬዳዋ ነው ያደጉት፣ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል። ባላቸው ሐጂ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ያባብሳሉ። ፍርስራሽ ለማየት ውቅያኖስ መሻገር ለምን አስፈለገ፣ ድንጋይ እኮ ከከተማ ወጣ ሲሉ ሞልቷል።

ደብተር፣ እኔ የጉዞ ወኪል አይደለሁም። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ይህ የእህቴ የሰሚራ ሥራ ነው። ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ባለ የጉዞ ቢሮ ተቀጥራ ነበር፣ በዚህ ጉዞ ላይ ወራት ፈጅታለች። ሊማ፣ ኩስኮ፣ የማቹ ፒቹ ፍርስራሽ፣ መጨረሻ ቦነስ አይረስ። ሁሉም በቅንጦት። ሐ.ሆ. ያለ ሰሚራ አልሄድም ስላሉ እሷም ሦስተኛ ተጓዥ ሆና ስሟ ገባ። በደስታ እንቅልፍ አጥታ ነበር። ነሐሴ ላይ ትኩሳት ያዛት። ሰኞ ቢሮ ዋለች። ሐሙስ ቀበርናት።

የቢሮው ባለቤት ጋሽ ዩሱፍ፣ «እንግሊዝኛ ይችላል፣ ስትሠራም አጠገቧ ይቀመጥ ነበር» ብለው ወንበሯ ላይ አስቀመጡኝ። ወንበሩ ለእኔ ዝቅ ይላል። ከፍ አላደረግኩትም።

ሰኞ፣ ጥቅ. 10

ጋሽ ዩሱፍ አዲስ ትእዛዝ ሰጡኝ። የሰሚራ ስም ወጥቶ የሚስታቸው የእህት ልጅ ኒሞ ትግባ። የባቡሩም፣ የፍርስራሹ መግቢያም፣ የሆቴሉም። ሲነግሩኝ ስልካቸውን እያዩ ነው። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሊማ ላለችው ወኪል ለፓትሪሲያ ጻፍኩ። እዚያ ያለውን ሁሉ የምትይዝልን እሷ ናት። ከሰሚራ ጋር በየቀኑ ይጻጻፉ ነበር፣ በቪዲዮም ያወራሉ፣ አንዳንዴ ስለ ሥራ ሳይሆን ስለ ሽሮ። «ሰሚራ መሄድ አልቻለችም፣ በሌላ ሰው ይተካ» ብቻ አልኩ። መልሷ ወዲያው መጣ። የመግቢያ ቲኬቱ በፓስፖርት ስም ስለሆነ ያለ በቂ ምክንያት አይቀየርም። ምነው፣ አመማት እንዴ? ቶሎ ይሻልሽ በልልኝ። ጉዞው ግንቦት ነው፣ ያኔ እዚያ ብርድ ነው፣ የአልፓካ ሱፍ ሻርፕ ገዝቼላታለሁ፣ ራሷን ስለምትሸፍን ሰፊውን መረጥኩ።

ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ጋሽ ዩሱፍ ምን አለች ሲሉኝ ገና አልመለሰችም አልኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 12

ድጋሚ ጻፍኩ። በምንም መንገድ አትሄድም አልኩ። ፓትሪሲያ አዝናለች ግን ሕግ ሕግ ነው። ስም የሚቀየረው ወይ በሐኪም ማስረጃ፣ ወይ በሞት የምስክር ወረቀት። ሁለተኛውን የጻፈችው ደንቡ ስለሚል ነው፣ ምንም አልጠረጠረችም።

እማን ወረቀት አለን ወይ አልኳት። ከየት ይመጣል? ጠዋት አረፈች፣ ታጠበች፣ ተሰገደባት፣ የአስር ሶላት ሳይደርስ ተቀበረች። ያን ቀን ማን ስለ ወረቀት ያስባል? ሄደን እናውጣ አልኩ። «አላህ ያውቃታል። ማዘጋጃ ቤት ምን አገባው?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ድስት ስታንኳኳ ሰማሁ። ምንም እየሠራች አልነበረም።

ለፓትሪሲያ ለምን በቀጥታ አትጽፍላትም ትለኝ ይሆናል፣ ደብተር። እኛ ጋ እንደዚያ አይደረግማ። አያቴ ጅማ ላይ የሞተ ጊዜ ለእማ ማንም አልደወለላትም። ጎረቤቶች ሰበብ ፈጥረው ስልኳን ወሰዱባት። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎች በር አንኳኩ። መርዶ ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ሰው በኢሜይል አይረዳም። ስለ ሰሚራ ቃሉንም ጽፌው አላውቅም። አንተ ላይ እንኳን «ቀበርናት» ነው ያልኩት።

አርብ፣ ጥቅ. 14። ከጁሙዓ በኋላ

ሐ.ሆ. ደወሉልኝ። አልፓካ ሐላል ነው ወይስ ሐራም? ሆቴሉ የላከው የምግብ ዝርዝር ላይ አይተውት ነው። መስጊድ በር ላይ ሸኹን ጠየቅኩ። ምን ዓይነት እንስሳ ነው አሉኝ። የግመል ዘመድ ነው፣ ግን አጭር፣ ፀጉራም። «የግመል ዘመድ ከሆነማ የእኛም ዘመድ ነው» ብለው ሳቁ። አራጁ ሙስሊም ይሁን እንጂ ችግር የለውም። ሳቅኩ። ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዬ። ወዲያው ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ አላውቅም።

ከሰዓት ኒሞ ቢሮ መጣች። ማቹ ፒቹ ላይ ፎቶ የሚያምረው የቱ ጋ ነው? ደረጃው ብዙ ነው? ምን ልልበስ? ሰሚራ የጠየቀቻቸው ጥያቄዎች ናቸው፣ አንድ በአንድ። ኢንተርኔት ላይ እዪው አልኳት። አልተቀየመችም፣ ይህ ደግሞ ባሰብኝ። ጋሽ ዩሱፍ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ሶብር ልጄ፣ ታገስ፣ ሥራ ነው አሉ። ሁሉም ሶብር ይላል። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ፣ ሶብር አሉ፣ ሱቃቸውን ከፈቱ።

እሁድ፣ ጥቅ. 16

የሂሳብ ፈተና። ግማሹን ባዶ መለስኩ።

ፓትሪሲያ ሦስት ጊዜ ጻፈች። ሰሚራ ለምን አትመልስልኝም? አስቀይሜያት ይሆን? ጋሽ ዩሱፍ በበኩላቸው ይህ ሳምንት ሳያልቅ ካልተቀየረ ባቡሩ ይሞላል ይላሉ። ይሙላ! ድንጋዩም ይፍረስ። ፈርሷል ለካ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 19

ዛሬ የሆነው። እራት ላይ ስልኬን ነካሁ፣ የፓትሪሲያ የድምፅ መልእክት ጮክ ብሎ ተከፈተ። እማ እንግሊዝኛ አትሰማም። ግን መሃል ላይ «ሰሚራ» ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ሰሚራ»። እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። ማናት ልጄን የምትጠራው?

ነገርኳት። ሻርፑንም፣ ሁሉንም። ቁጣዋ! የወረቀቱ ቀን ቁጣ ከዚህ ጋር ምንም አይደለም። «ሰው አለች ብሎ እየጠራት አንተ ዝም? ሙባረክ፣ መርዶ ደብቀህ ነው ቲኬት የምትቀይረው?» ሩቅ አገር ናት፣ የማናውቃት ናት አልኩ። «ሰው አይደለችም?» አለች። ከዚያ እዚያ የሚነጋው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሊማ ንጋት ለእኛ ስምንት ሰዓት ነው፣ ከዙህር በኋላ። ለፓትሪሲያ ማልዳ እንድትጠብቀን ጻፍኩ፣ ለሥራ ነው ብዬ። እማ ነጠላዋን ደርባ ሐ.ሆ. ቤት ሄደች። እኔን አላስከተለችኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 20

ጋሽ ዩሱፍ ቢሮውን ዘጉ። እማ፣ ሐ.ሆ.፣ ሐጂ፣ ራሳቸው ጋሽ ዩሱፍ፣ ኒሞም በር አጠገብ። ሁሉም ኮምፒውተሩ ፊት ተደርድረዋል። እኔ መሃል፣ አስተርጓሚ።

ፓትሪሲያ ፀጉሯ እርጥብ ነው፣ እየሳቀች ብቅ አለች። ሰሚራስ የት አለች? ሐ.ሆ. ንገራት እንጂ ብለው ጎሸሙኝ። እማ ከለከለች። መጀመሪያ ሰላምታ። እንዴት አደርሽ? እናትሽ ደህና ናት? ልጆችሽስ? እኔ እተረጉማለሁ፣ እሷ ትመልሳለች፣ ዓይኗ ግን ከአንዳችን ወደ አንዳችን ይሄዳል። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። ስለ ልጆቿ የጀመረችውን ሳትጨርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ገባት። እኔ ገና ምንም አላልኩም።

እማ ግን በቃልህ ንገራት አለችኝ። ተናገርኩት። በየትኛውም ቋንቋ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፣ ሐ.ሆ.ም ጮክ ብለው። ያላለቀሰችው እማ ብቻ ናት። እጇን ወደ ስክሪኑ ዘርግታ፣ እህል ውኃ ቅመሺ በላት፣ ባዶ ሆድሽን እንዳትውዪ በላት ትለኛለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 22። ጠዋት

ፓትሪሲያ ጽፋለች። የምስክር ወረቀቱ እስኪደርሳት ቲኬቶቹን አስይዛለች፣ መሥሪያ ቤቷ ግን ወረቀቱን አሁንም ይፈልጋል፣ ይህን ስትጠይቅ ታፍራለች። ለእማ አነበብኩላት። ማዘጋጃ ቤት ስንት ሰዓት ይከፈታል አለች። ሐጂ ምስክር ሊሆኑን መኪናቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከመጀመሪያው ክ/ጊዜ እቀራለሁ፣ ግድ የለም።

ለኒሞ ደወልኩላት። ከሰዓት ፓስፖርትሽን ይዘሽ ነይ አልኳት። የሰሚራን ስም የማወጣው እኔ ነኝ፣ የእሷንም የማስገባው እኔ። ጋሽ ዩሱፍ አይነኩትም። ስለ ደረጃው የጠየቀችውንም እነግራታለሁ፣ ብዙ ነው፣ ጠዋት ማልደው ካልወጡት…

የሐጂ መኪና ጥሩምባ ነፋ። እማ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ትጠብቀኛለች።