የወፍራም ሰው ኪኒን

ማክሰኞ

ስኳሬ አሁንም አልወረደም። የጤና ጣቢያው ሐኪም ወረቀቱን አይቶ እኔን ሳያይ፣ «መምሬ፣ በጾም ኪኒኑን ያቋርጣሉ አይደል? እውነቱን ይንገሩኝ» አለኝ። በየሁዳዴው የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ቄስ ሁሉ ኪኒኑን ደብቆ ሐኪሙን የሚዋሽ ይመስለዋል። የሚዋሹ አሉ፣ አውቃቸዋለሁ። እኔ ግን አንድም ቀን አላቋረጥሁም። በጠዋት ከምግብ ጋር ውሰድ ስለተባልሁ በጠዋት እበላለሁ። የበላ ቄስ ደግሞ አይቀድስም። ለዚህ ኪኒን ብዬ መቅደስ መግባት ከተውሁ ይህ አራተኛው ሁዳዴ ነው። ይህን ሁሉ ሰጥቼ መጨረሻዬ ውሸታም መባል ሆነ።

«ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ነው፤ ክብደት ይቀንሱ» ብሎ ኪኒኑን ያስጀመረኝም እሱ ነው። ያኔስ ቢሆን ምን የሚቀነስ ነበረኝ? አሁንማ እጀ ጠባቤ የሌላ ሰው መስሏል። ባለቤቴ አስካለ ሱሪዬን እያጠበበች ሰለቻት። ሌሊት ለሽንት ስመላለስ ውሻችን እንኳ መጮኹን ትቷል።

ዛሬ ግን እሱም ሳይጨንቀው አልቀረም። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይሂዱ ብሎ ጻፈልኝ። ነገ ከአስካለ ጋር እንሄዳለን።

ረቡዕ

መኪናውን በየመንገዱ እያስቆምሁ ለሽንት ወረድሁ። ሾፌሩ ተነጫነጨ፤ ለጥምጣሜ ሲል አልሰደበኝም።

ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ሴት ናት። ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጋ እኔን አየችኝ። መቼ ጀመረዎት? ከቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ? የለም። ወፍረው ያውቃሉ? እዚህ ላይ አስካለ ሳቀች። ከዚያ ሐኪሟ፣ «በልጅነትዎ በደንብ ይበሉ ነበር?» አለችኝ።

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቅኔ ቤት ሳለሁ ቁራሽ ለምነን ነበር የምንኖረው። ውሻ ያባርረን ነበር። ያገኘነውን ቁራሽ ሻጋታውን አራግፈን ፀሐይ ላይ እናደርቀዋለን፤ ያላገኘን ቀን ውኃ ጠጥተን ቅኔያችንን እንቀጽላለን። ነገርኋት። ጻፈችው።

«ስኳር አንድ በሽታ አይደለም፣ አባቴ» አለችኝ። «አንዳንዱ ሰው ኢንሱሊን እያለው ሰውነቱ አልቀበልም ይለዋል፤ ኪኒኑ የሚረዳው እሱን ነው። አንዳንዱ ግን ኢንሱሊኑ ራሱ ያልቅበታል። ይኼኛው ልጆች ላይ ይበዛል፤ አዋቂም ላይ ቀስ እያለ ይመጣል። በልጅነቱ የተራበ ሰው ላይ የሚታይም አለ።»

ደም ቀዱ፣ ሽንት አዩ። ሽንቴ ላይ ያዩት ነገር አላማራቸውም መሰለኝ፣ ወዲያው አልጋ ሰጡኝ። ፈራሁ። አስካለ እንዳታውቅብኝ ስለ ገብሳችን አወራኋት።

ሐሙስ

ክንዴ ላይ ቱቦ ተሰክቶ አደርሁ። ውጤቱ መጣ። ሰውነቴ የሚሠራው ኢንሱሊን ከስም አያልፍም። ሰውነቴ ራሱን አጥቅቶ ይሁን የልጅነት ረሃብ ይሁን ገና አልታወቀም፤ ይህን የሚለየው ደም አዲስ አበባ ተልኳል። የትኛውም ቢሆን ከመርፌ አላመልጥም።

«ኪኒኑስ?» አልኋት።

«የእርስዎን ዓይነት የሚያክም አልነበረም።»

ስንት ጥምቀት፣ ስንት ትንሣኤ ጓደኞቼ ሲቀድሱ እኔ ውጭ ከምእመኑ ጋር ቆምሁ። ሴቶቹ «ምን በድለው ይሆን?» እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ሁሉም ለማይሆነኝ ኪኒን ነው።

ከዚያ አንድ ተስፋ ብልጭ አለብኝ። ኪኒኑ ከቀረ ጾሜን አድሬ መቀደስ እችላለሁ? ጠየቅኋት።

«አይችሉም» አለች፣ ቀስ ብላ። «በየጠዋቱ በሰዓቱ ይወጋሉ፣ ከዚያ ይበላሉ። ከዘለሉት እንደገና አልጋ ይይዛሉ። ተወግተው ካልበሉ ደግሞ ስኳሩ ወርዶ ራስዎን ይስታሉ። ሲረጋጋ እንነጋገርበታለን፤ አሁን ግን አይሆንም።»

በተሳሳተው መድኃኒት ከመቅደስ ወጣሁ፤ በትክክለኛው በሩ ተዘጋብኝ። ሐኪሟን መጥላት ፈልጌ ነበር። እሷ ምን አደረገች?

ዓርብ

ቤት ገባን። ይዤ የመጣሁት፦ መድኃኒቱ በብልቃጥ፣ መርፌ፣ የጣት መውጊያ፣ መለኪያ፣ ብዙ ምክር። ነርሷ ብልቃጡ ሙቀት እንዳያገኘው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ይቀመጥ ብላ ነበር። አስካለ «ይህች የመንዝን ቤት አታውቅም» አለች። እሷ የምትፈራው ውርጩን ነው። መድኃኒቱ እንዳይረጋ በበግ ጠጉር ባና ጠቅልላ ከራስጌዬ አደረገችው።

ማታ መምሬ ወልደ ሰንበት መጡ። የደብራችን ቄሶች እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ቅዳሴ በአንድ ቄስ ስለማይሆን፣ እኔ ከተውሁ ወዲህ በየሰንበቱ ከጎረቤት ደብር አንድ ቄስ ገደሉን ተሻግሮ ይመጣል። ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ጣትህ በየጠዋቱ የሚደማ ከሆነማ…» ብለው ተዉት። የደማ ቄስ መቅደስ እንደማይገባ ለእኔ መንገር አያሻም። ስለ ኪኒኑ «እግዜር ያውቃል» አሉኝ። እግዜርማ ያውቃል። ያላወቀው ጤና ጣቢያው ነው።

ቅዳሜ

ሆዴን ራሴ ወጋሁ። ሌሊት የተነሣሁት አንዴ ብቻ ነው። ጥሙ ቀንሷል። ሽሮው ጣፈጠኝ። ሰው በዚህ ይደሰታል፣ እኔም ተደሰትሁ።

የሰበካው ሊቀመንበር በአጥር በኩል ሲያልፍ «መምሬ፣ ዛሬም በጠዋት ተበላ?» አለ፣ ሳቅ እያለ። ልሰድበው ነበር፤ አስካለ እጄን ያዘችኝ።

ስለ አዲስ አበባው ውጤት አስባለሁ። ረሃቡ ከሆነ ማንን ልከስ ነው? አብረውኝ ከተማሩት ያልተራበ ማን አለ? ያ ትምህርት ቅስናን ሰጠኝ፤ ቅስናዬን የነጠቀኝም እሱ ከሆነ እንዴት እንደምችለው አላውቅም።

እሑድ

ጎህ ሲቀድ ሊቀመንበሩ ደጄን መታ። የጎረቤቱ ቄስ ታሟል፣ አይመጣም። ክርስትና የሚነሣ ሕፃን አለ፤ ሕዝቡም ተሰብስቧል። «ለዛሬ ብቻ ይግቡልን፣ መምሬ» አለ። የትናንቱ ሳቅ ፊቱ ላይ የለም።

አልበላሁም ነበር። ጣቴንም ገና አልወጋሁም። መግባት እችል ነበር። ይህን ጥሪ ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። እግሬ ሊነሣ ነበር። አስካለን አየኋት። ምድጃው ጋ ቆማ ቂጣ ታገላብጣለች። ሂድ ብትለኝ፣ ወይም አትሂድ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

መውጊያውን አንሥቼ እዚያው ሊቀመንበሩ ፊት ጣቴን ወጋሁ። ደሙ ብቅ አለ።

«በቃ፣ ደምቻለሁ» አልሁት። «ሂድና ንገራቸው።»

ጣቴን አይቶ ሄደ። ሆዴን ወጋሁ። አስካለ ቂጣና ሽሮ አቀረበች። እያለቀስሁ በላሁ።

ቅዳሴው ታጐለ። የጠዋቱ የኪዳን ጸሎት ብቻ ደርሶ ሕዝቡ ሲበተን ከደጄ ሆኜ አየሁ። የሕፃኑ እናት ልጇን እንደታቀፈች ተመለሰች። ወደ እኔ ቤት የዞረ ሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ ስኳሬን ለካሁ። ከታመምሁ ወዲህ እንዲህ ወርዶልኝ አያውቅም። አስካለ መለኪያውን ተቀብላ ቁጥሩን አየችና «ተመስገን» አለች። አሜን ለማለት ቆየሁ።